ስምንት ቀን በወንዶች ቤት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትርሲት ደወለችልኝ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ስትደውል ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት መድኃኒቴን መዋጤን ለማጣራት ነው። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነበር። ድምጿ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ ልጇ ናትናኤል ክዳን ይሁን ድስት ያልለየሁትን ነገር ከወለሉ ጋር ሲያጋጭ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ናቲን ላምጣልህ ወይ? አልጥል አለኝ» አለችኝ።

ምን አልጥል እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ አልጥልም የሚለው ነገር አንድ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀንሺለት ብሏት ነበር፤ እሷ አንድ ስትቀንስ እሱ ሁለት ሲጨምር ወር አለፈ። በመጨረሻ እናቷን ብታማክራት፣ «ወደ አጎትሽ ውሰጂው፤ እሱ ያውቅበታል» አለቻት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስጠግን ኖሬ፣ በጡረታ ዘመኔ ጡት አስጣይ ተብዬ ልፈለግ! ግን እውነቷን ነው፤ ሙያው አለኝ። የተማርኩት በሃያ ዓመቴ፣ በአንድ ክረምት፣ በስምንት ቀን ውስጥ ነው። የተማርኩትም በራሷ በትርሲት ላይ ነው።

ያኔ እኔና አባቴ እዚሁ ቀጨኔ፣ አሁንም በምኖርበት ግቢ ውስጥ ብቻችንን ነበርን። እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ከሁለቱ ክፍላችን አንዱን የሽመናው ጉድጓድ ይዞታል፣ በሌላው እንተኛለን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ውጤት መጠበቅ በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ጠዋት ተነስቼ እጠብቃለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እተኛለሁ። ታላቅ እህቴ አስቴር ጳውሎስ አካባቢ ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር ቤቱን የሚያየው በወር ሦስት አራት ቀን ቢሆን ነው።

አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አስተማሪ መሆንን ነበር። ትንሽ ሳለን እኔን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈች ታስተምረኝ ነበር፤ ስሳሳት ትቆነጥጠኛለች። ትርሲትን በወለደች ዓመት ከከተማ ውጭ ካለ የመምህራን ማሠልጠኛ ጥሪ ደርሷት ሳትሄድ ቀረች። ሁለተኛው ጥሪ የመጣው ትርሲት ሁለት ዓመቷን ልትይዝ ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ሦስተኛ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርቱ ዘጠኝ ወር ነው፤ ተማሪዎቹ እዚያው ያድራሉ፤ የሚጀመረውም እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ነው። ልጅቷ ከእኔና ከአባቴ ጋር እንድትቆይ ተስማማን። አስቴር ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። ልጇ ጡት ካልጣለች አትሄድም። የራሴን ልጅ እያለቀሰች በር ዘግቼባት ሄጄ የሰው ልጅ ላስተምር ወይ አለች።

ማስጣሉ ግን በዋዛ የሚሆን አልነበረም። መጀመሪያ ጡቷን ሬት ተቀባች። ሬት ስሙ ሲጠራ እንኳ አፍ የሚያመርር ነገር ነው። ትርሲት አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ጥርግ አድርጋ ቀጠለች። ቀጥሎ አስቴር የጎረቤት ምክር ሰምታ በርበሬ ነካ አደረገችበት፤ በዚያ ያለቀሰችው ራሷ አስቴር ናት። በመጨረሻም በጥቁር ጨርቅ ሸፍና «አያ ጅቦ ነከሰው» አለቻት። ትርሲት በጣም አዘነች። ጎንበስ ብላ እፍ፣ እፍ አለችለት። ሳመችው። ከዚያ የታመመው ይረፍ ብላ ወደ ጤነኛው ዞረች።

የቀረው ዘዴ ልጅን ለሳምንት ከእናቱ ዓይን ማራቅ ነው። ሌላው ሰው ልጁን ወደ አያቱ ወይም ወደ አክስቱ ቤት ይልካል። እኛ ዘንድ ሴት አያትም አክስትም አልነበሩም፤ አስቴር ግን ይህን ጉድለት እንደ ዕድል ቆጠረችው። ሴት ያለችበት ቤት ብትሄድ ትርሲት ደረት ለደረት ስትፈልግ ትከርማለች፤ ሁለት ወንድ ብቻ ያለበት ቤት ግን ምን ልታገኝ ነው? አባቴ ሐሳቡን ሰምቶ አንድ ደንብ አወጣ። አስቴር እስከ ሩፋኤል ድረስ በዚህ በር ብቅ እንዳትል። አንድ ጊዜ ከጠባች የሁሉም ልፋት መና ነው። ቀኑ ነሐሴ ሃያ ስድስት ነበር፤ ሩፋኤል፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ስምንተኛው ቀን ላይ ይውላል።

አስቴር ልጅቷን አምጥታ ከሽመናው አጠገብ አስቀመጠቻት። አባቴ የጥለት ክር የተጠመጠመባቸውን ትንንሽ ቀሰሞች ፊቷ በተነላት። ትርሲት ቀዩን አንስታ፣ ቀዩን ጥላ ቢጫውን አንስታ ስታማርጥ እናቷ በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ወጣች። ልጅቷ ሁሉንም ቀሰም አንድ በአንድ ቀምሳ ከጨረሰች በኋላ ነው ቀና ብላ ቤቱን የቃኘችው።

የዚያን ቀኑን ልቅሶ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሷ ከዝናቡ በላይ ትሰማለች። እኔ ዘለልኩ፣ ዘፈንኩ፣ እንደ ድመት ጮህኩ፤ የባሰ አስፈራኋት መሰለኝ። አባቴ ግን እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ተቀመጠ፣ እሷን ጭኑ ላይ አደረጋት፣ ሥራውን ቀጠለ። መወርወሪያው ክሩን ይዞ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። ዓይኗ ሳታውቀው ይከተለው ጀመር። ወዲያ ስታይ ታለቅሳለች፣ ወዲህ ስታይ ትረሳለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ልቅሶው ተቆራረጠ።

እንባዋ ሳይደርቅ እጇን በአባቴ ሸሚዝ ውስጥ ሰደደች። ፈለገች። በዚያ ሽበት በወረረው ደረት ላይ የሆነች ነገር አገኘች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አባቴን በታላቅ አዘኔታ ተመለከተችው። አባቴን ሲያፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲመጣባት ጡቱ ትዝ ይላትና ታምጻለች። ያኔ በአባቴ ጋቢ አዝያት እወጣለሁ። የቀጨኔ ቁልቁለት በነሐሴ ጭቃ ለብቻ ለሚሄድ ሰውም አይመችም፤ ልጅ አዝሎ መውረድ ደግሞ በየእርምጃው ስለት መሳል ነው። በዚያ ላይ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ልጅ አዝሎ ሲያልፍ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ጓደኞቼ ከሱቁ ጥግ ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁኛል፤ በተራ በተራ እጄን እየጨበጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉኛል። አንዱማ ገንፎው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ብሳደብ ልጅቷ ትነቃለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። ትርሲት ግን ጀርባዬ ላይ ጉንጯን ለጥፋ ስትተኛ የሚሰማኝ ሙቀት ነበር፤ እሱን ለማንም አልነገርኩም።

ምግብ ሌላው ፈተና ነው። እኔና አባቴ መሥራት የምናውቀው ሽሮ ነው፤ እሱንም ቀጥኖ ወይ ወፍሮ። አባቴ ፍትፍቱን በጣቱ አለስልሶ፣ እፍ ብሎ አብርዶ ያቀርብላታል፤ እሷ አፏን ትገጥማለች። ሲቸግረው፣ «እንግዲያውስ አንቺ አጉርሺኝ» ብሎ ራሱ አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ግራ ገባት። ትንሽ አሰበችበትና አንድ እፍኝ ዝቃ ግማሹን አፉ ውስጥ፣ ግማሹን ጢሙ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት። እኔን ታጎርሳለች፣ ድመቷን ታጎርሳለች፣ የአባቴን ጫማ ታጎርሳለች። ሳናያት መወርወሪያውንም አጉርሳ በሽመና ላይ ያለው ነጭ ነጠላ የሽሮ ነጠብጣብ ተሠራበት። አባቴ ከእጃችሁ ላብ ይነካዋል ብሎ እኛን ልጆቹን ከሽመናው የሚያባርር ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ነጠላውን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየውና ጥለት ጨመረችበት ብሎ አለፈው። በመሃል ግን ለራሷም መጉረስ ጀምራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትርሲት አባቴ ጭን ላይ እንዳለች የተዋስነውን ድስት ልመልስ ወደ እማማ በለጡ ዘንድ ሄድኩ። እማማ በለጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሳቸውን ግቢና የእኛን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ገና ስገባ ከወጥ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አየሁ። አስቴር በአጥሩ ጥግ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይኗን በአንዲት የምስማር ቀዳዳ ላይ አድርጋለች።

ተናደድኩ። በሹክሹክታ ልቆጣት ጀመርኩ፤ ብታይሽስ፣ ድምፅሽን ብትሰማስ፣ አባባ ምን ይላል አልኳት። ዞር አለች። ነጠላዋ ከፊት በኩል በሁለት ቦታ ርሷል። ያን ሰዓት ዝናብ አልነበረም።

ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

«ስታለቅስ ይወርዳል» አለችኝ። «ቤት ሆኜም ሰዓቷ ሲደርስ ይወርዳል። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሰው ልጅ አለቀሰና ወረደ።»

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ከሚያውቃቸው ነገሮች ውስጥ ይህ አልነበረም። ጡት መጣል የልጅ ጣጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እህቴ ግን ደረቷ ጠጥሮ፣ ትኩሳት እያንዘፈዘፋት፣ ከጳውሎስ ዳገቱን ወጥታ ልጇን በምስማር ቀዳዳ ልታይ ትመጣለች። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ድስቱን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትርሲትን ወደ አጥሩ ጥግ አወጣታለሁ። ጳጉሜ ሲቃረብ በቆሎ በየቦታው ነው፤ ጥብሱን ይዤ ተቀምጬ እፈለፍልላታለሁ፣ እሷ ታጎርሰኛለች፣ እኔ ሆን ብዬ ጣቷን ነከስ አደርጋታለሁ፣ ትስቃለች። ሳቋን ለማሰማት ነው። ሰው ከኋላዋ ሲቆም ያቺ ቀዳዳ ትጨልማለች፤ ጨለም ስትል አስቴር መምጣቷን አውቃለሁ። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ትቆማለች። አንድም ቀን መቀመጫ ላምጣልሽ አላልኳትም። ከዚያ ሁሉ ነገር ይህቺ ትንሿ ለምን እንደምትቆጨኝ አላውቅም፤ ግን ትቆጨኛለች።

ስድስተኛው ቀን ላይ ትርሲት በጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ደም አየች፣ ጮኸች። ለሦስት ቀን ያልጠራቻትን እናቷን ጠራች። እኔ አንስቼ ላባብላት ስሞክር ከአጥሩ ማዶ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። በራችን እዚያው ከጥጉ አጠገብ ነው፤ የዛገ ቆርቆሮ የተመታበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አብጦ አልከፈት የሚል በር። ስደርስ አራት ጣቶች በበሩ ጠርዝ ገብተዋል። ጣቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስሳሳት የሚቆነጥጡኝ ጣቶች ናቸው።

ልጅቷን በግራ እጄ አቀፍኩና በሩን በትከሻዬ ያዝኩት።

አንድ ጊዜ ተገፋ። ያዝኩት። ሁለተኛ ተገፋ፤ ብዙም ጉልበት አልነበረውም። የአባቴን ደንብ አሰብኩ፣ ያን የማይደገም የጥሪ ደብዳቤ አሰብኩ፣ በከሰል የተጻፈበትን ግድግዳ አሰብኩ። ደግሞም አንተ ማን ነህ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ልጅና እናት መሃል በትከሻ መግባት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጣቶቹ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ፤ ኮቴውም ቀስ ብሎ ቁልቁል ወረደ። ዘወር ስል አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየኝ። መጥቶ ልጅቷን ከእጄ ተቀበለኝ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ በቆሎዬን ይዤ ወጣሁ። ቀዳዳዋ ብርሃን ነበራት። እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ አልጨለመችም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። እህቴ ታማ ይሆን፣ ተቀይማኝ ይሆን፣ ወይስ ደብዳቤውን ቀድዳ ጥላው ይሆን እያልኩ አመሸሁ።

ሩፋኤል ጠዋት ሰማዩ ከብዶ አረፈደና ስድስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ለቀቀው። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን እየጮኸ ወጣ፤ እናቶች ሳፋና ጀሪካን ደረደሩ። ትርሲትን ልብሷን አውልቄ አወጣኋት። ግማሽ የበቆሎ ጥብሷን በእጇ ጨብጣ አልለቅም ብላ፣ ከጣሪያው በሚወርደው ውኃ ሥር ገብታ ትጨፍራለች። አባቴም መወርወሪያውን አስቀምጦ ወጣ። ራሱን ገልጦ ዝናቡን ተቀበለ፣ አማተበ፣ ከዚያ ሄዶ ያን የዛገ በር በሁለት እጁ እየነቀነቀ ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቢ፤ ስምንቱ ቀን ሞልቷል» አለ ወደ መንገዱ።

አስቴር ገባች። ከሲታ ሆናለች፤ ልብሷ በሰውነቷ ላይ ተለጥፏል። ትርሲት ጭፈራዋን አቁማ አየቻት። እናትየው ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እንደዚያ ሆነው ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ እኔ አላውቅም። ቀጥሎ የፈራሁት ሆነ። ያቺ የማውቃት ትንሽ እጅ በአንገትጌው በኩል ገባች። አስቴር አልከለከለቻትም፤ እጆቿ ወደ ታች ወርደው ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እጇ እዚያ ትንሽ ቆየችና ወጣች። ከዚያ ትርሲት ከበቆሎዋ ላይ በጥርሷ አንዲት ፍሬ ነቅላ፣ ከአፏ አውጥታ፣ እናቷ ከንፈር ላይ አስጠጋቻት። አስቴር አፏን ከፈተች። ሌላ ፍሬ ነቀለች፣ አጎረሰቻት። አስቴር እያኘከች አለቀሰች።

«ረሳችው» አለች። ስምንት ቀን የተለፋው ይህን ቃል ለመስማት ነበር፤ ስትለው ግን ደስታ አልነበረበትም።

አባቴ ውኃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አልረሳችም ልጄ» አላት። «አሁን ተራው የእሷ ነው። ብይ።»

አስቴር ከአሥር ቀን በኋላ ሄደች። ትርሲት አለቀሰች፤ ግን በማግስቱ ድመቷን ስታጎርስ አገኘኋት። እህቴ ተምራ መጥታ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል አስተማረች። ስለዚያ በር አንስተን አናውቅም። ጡረታ የወጣች ቀን ብቻ፣ እንግዶች ሄደው ሁለታችን ስንቀር፣ እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን በሩን የያዝከው አንተ ነህ ወይስ ዝገቱ ነው?»

«ዝገቱ ነው» አልኳት።

«እኔም ዝገቱ ነው ብዬ ነበር» አለችና ትከሻዬን ደህና አድርጋ ቆነጠጠችው።

ትርሲት ሐሙስ ዕለት ናቲን ይዛ መጣች። ሬቱን፣ ሽሮውን፣ በቆሎውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ በሩን ግን ማንም አልነገራትም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት እንደገና የወንድ ቤት ሆኗል። ሽመናው ከተነሳ ቆየ፤ እኔ ያለኝ የመኪና ሽቦ ነው። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን ቁርጥራጭ ፊቱ በተንኩለት። ናቲ ማማረጥ ሲጀምር እናቱ በቀስታ ወጣች። የውጭው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ኮቴዋን ግን አልሰማሁም።

የእማማ በለጡ ግቢ ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ አጥሩም ብሎኬት ስለሆነ ቀዳዳ የለውም። ልጁን አቅፌ፣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በአንድ እጄ በርጩማ ይዤ ወጣሁ። በሩን ከፈት አድርጌ በርጩማውን በስተውጭ አስቀመጥኩት። ትርሲት ግንቡን ተደግፋ ቆማ፣ ጃኬቷን ከፊት በኩል በሁለት እጇ ገጥማ ይዛዋለች። ተቀመጠች።

የአባቴን ደንብ ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። ወደ ውስጥ ተመልሼ በሩን ገፋ አደረግኩት እንጂ አልቀረቀርኩትም። አዲስ በር ነው፤ ባለፈው ዓመት ነው ያስገባሁት። በጣት ከነኩት ይከፈታል፣ ክረምትም አያብጥም፤ በዝገት ማመካኘት አይቻልም።